አርባ ሁለት ዜሮ

ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዜሮ ሰጠሁ። አርባ ሁለት ልጅ፣ አርባ ሁለት ዜሮ፣ በቀይ እስክርቢቶ። አርሜ ለመጨረስ የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ዜሮ ለመጻፍ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሲያልቅ ወረቀቶቹን በላስቲክ አስሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው ተንጠራራሁ።

መምህር አይደለሁም። ሥራዬ የግድግዳ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ፣ የጥራት ክፍል ነው። ከየባቹ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከተቀላቀለው ቀለም ሁሉ፣ አንድ ጣሳ ናሙና ይመጣልኛል። ታች ቀዳዳ ያለው ኩባያ ውስጥ እጨምርና በስንት ሰከንድ ፈስሶ እንደሚያልቅ በሰዓት እይዛለሁ። ካርቶን ላይ ቀብቼ ከዋናው ቀለም ጋር አስተያያለሁ። ልክ ከሆነ አረንጓዴ ወረቀት፣ ካልሆነ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ቀይ የተለጠፈበት ባች ተመልሶ ይሄዳል። ለምን እንደተበላሸ ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ጣሳ ተከራክሮኝ አያውቅም።

መምህሯ እናቴ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ጮክ ብላ። ዘንድሮ ድምጿ መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሙ ከድምፅ አውታሯ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት አወጣና፣ "አንድ ወር ትንፍሽ እንዳይሉ። ማንሾካሾክም ክልክል ነው" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ካሬ ደብተርና ወፍራም እስክርቢቶ ይዛ ትዞራለች። የምትፈልገውን ትጽፋለች፣ ከሥሩ ታሰምርበታለች፣ ካላየናት በእስክርቢቶው ጠረጴዛውን ሦስቴ ትመታለች።

በዚያው ወር ፋብሪካው ማሽን ሊቀይር ተዘጋ። ኬሚስትሪ መማሬን የሚያውቁትና ቤት ቁጭ ማለቴን የሰሙት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወዲያው ደወሉ።

"ልጄ፣ ለአራት ሳምንት ብቻ ነው። ደብተሯ አለ፣ እቅዷ አለ፤ አንቺ ማንበብ ብቻ ነው" አሉኝ።

ማንበብ ብቻ ነው ያሉት አስረኛ ቢ ክፍል ገብተው ስለማያውቁ ነው። ዳይሬክተሩ በጽሑፍ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በየበሩ፣ በየቧንቧው፣ በየመጸዳጃ ቤቱ "ማሳሰቢያ" ብሎ የሚጀምር ወረቀት ስላለ ተማሪዎቹም "ማሳሰቢያው" ነው የሚሏቸው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ራሱ፣ "ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሰሌዳ ላይ ያለ ፈቃድ ማሳሰቢያ መለጠፍ ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የቅጥር ቅጽ ይዘው መጡ። እናቴ ወደ ክፍል ሳትመለስ በመንፈቁ መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች፤ ቦታዋ በአራተኛው ሳምንት አርብ ካልተሞላ ሁለቱ የአስረኛ ክፍሎች ይጣመራሉ፤ ሰማንያ አራት ልጅ በአንድ ክፍል ይሆናል። እኔ ደግሞ ከዚያ አርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ፋብሪካ መግባት አለብኝ። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ የሰማ ሁሉ ግን እንደፈረምኩ ቆጠረው። ወንድሜ፣ ጎረቤቷ፣ ፋርማሲው ውስጥ ያለችው ልጅ ሳይቀሩ፣ "እናትሽ እንዴት ደስ ይላት!" ይሉኛል። እናቴ ምንም አላለችም፤ ማለትም አትችልም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ወደ ዜሮዎቹ ልመለስ። አስረኛ ቢን ቤተ ሙከራ አስገባኋቸው፤ አራት ምድጃ፣ አራት ቴርሞሜትር፣ አራት ቡድን። ውሃ አፍሉ፣ በስንት ዲግሪ እንደፈላ አንብቡ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ንባብ ይጻፍ አልኩ። መሃል ላይ ዳይሬክተሩ የቤተ ሙከራ መዝገብ ላይ ሁለት ቦታ እንድፈርም አስጠሩኝ። ስመለስ ምድጃው ጠፍቶ፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ አርባ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው እንደ መልአክ ተቀምጠዋል። እዚያው መጠርጠር ነበረብኝ።

ሁሉም የጻፉት አንድ ነው፦ ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ።

ከተማችን ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በዘጠና ሦስት ዲግሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ፋብሪካም ለክቼዋለሁ። ይህ ባይሆን እንኳ አራት ቴርሞሜትርና አርባ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ አሥር አንድ ዓይነት ንባብ ይዞ ከመጣ ከወንበሩ አለመነሣቱን እናውቃለን። ስለዚህ ሳያዩ ከመጽሐፍ ገልብጠዋል አልኩና ቀይ ወረቀቴን ለጠፍኩ።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወረቀቱን መለስኩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣

"ቲቸር፣ ከፊቱ አንድ ቁጥር ረስተው ይሆን?" አለ።

"አልረሳሁም።"

"እኔን ብቻ ነው?"

"ሁላችሁንም ነው።"

"ኧረ ሁላችንም ከሆነማ ችግር የለም" አለ፤ እውነትም ፊቱ ፈካ።

"ጠበቃ" የሚሏት ልጅ ግን ተነሣች። ቀጭን ናት፤ ቁመቷ ከጓደኞቿ ትከሻ አያልፍም፤ ስትናገር ግን የፍርድ ቤት መዝገብ የያዘች ነው የምትመስለው።

"ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ።"

"ጥያቄ ነው ክርክር?"

"እንደ መልሱ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "እሺ፣ ጠይቂ" አልኳት።

"ለምንድን ነው ዜሮ የሆነው?"

"ስላላነበባችሁ። ከመጽሐፍ ነው የገለበጣችሁት።"

"እኔ አንብቤያለሁ።"

"ስንት አነበብሽ?"

"ዘጠና ሦስት።"

"ወረቀትሽ ላይ ያለው መቶ ነው።"

"እስቲ ይዩት" ብላ መጥታ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችልኝ። መቶው ሥር በላጲስ የተፈገፈገ ቁጥር አለ። ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ እስኪቀረው ተፍቆ እንኳ ዘጠኙና ሦስቱ ይታያሉ።

"ትክክለኛውን ጽፈሽ ለምን አጠፋሽው?"

ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ማንም አልረዳትም።

"ዘጠነኛ ክፍል እያለን ዘጠና ሁለት ብዬ ጽፌ፣ በቀይ ተሰርዞ መቶ ተብሎ ነው የተመለሰልኝ።"

"ማን ነው የሰረዘው?"

አርባ አንድ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"እናትዎ ናቸው" አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። "የእኔንም ሰርዘዋል!" "የእኔ እኮ ዘጠና አራት ነበር!" "እኔ እንኳ አላነበብኩም፤ ባነብ ግን እጽፈው ነበር!" ክፍሉ ገበያ ሆነ። ጠበቃ ሰሌዳው ሥር እንደቆመች፣ "ታዲያ ዜሮው እንዴት ይሁን?" አለችኝ።

"ተቀመጪ" አልኳት።

በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ስገባ የጂኦግራፊ መምህሩ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ።

"ሰማሁ። አርባ ሁለት በአንድ ጥይት" አሉ።

"ከፍታና የአየር ግፊት የእርስዎ ትምህርት ነው እኮ። አላስተማሯቸውም?"

"በደንብ አስተምሬያለሁ። ግን የጻፉት ጂኦግራፊ ደብተር ላይ ነው። ኬሚስትሪ ደብተር ላይ ከፍታ የለም" ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ዳይሬክተሩ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው በጣታቸው ጠሩኝ። ሦስት ወላጅ ደውሎላቸዋል። "ልጄ፣ ዜሮውን አስተካክይ፣ ቅጹንም ፈርሚ። ሁለቱንም እስከ አርብ።"

"ዜሮውና ቅጹ ምን አገናኛቸው?"

"አንድ ክፍል ሙሉ የጣለች መምህር ቀጠርኩ ብዬ ለበላይ ልጻፍ እንዴ?"

"እስካሁን አልቀጠሩኝም።"

"እሱን ነው የምልሽ" አሉና ሌላ ወረቀት ሊለጥፉ ሄዱ።

ቤት ስደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር። እናቴ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ከፊቷ ዘርግታለች። ጫማ ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። ቦርሳዬን ሳላወርድ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?"

ቀና እንኳ ሳትል ጻፈች። *የት?*

"እዚህ! እዚህ ከተማ!"

*93።*

"ታውቂያለሽ ማለት ነው!"

*አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ።*

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትሰርዥባቸው?"

ብዙ መጻፍ ጀመረች። መጠበቅ አልችልበትም፤ በትከሻዋ ላይ አጎንብሼ ላነብ ስል ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ በክንዷ ሸፈነችው። ወንድሜ ሳቀ። ስትጨርስ ደብተሩን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

*መጀመሪያ አራት ዓመት 93 አስተማርኩ። ለምን እንደሆነም አስተማርኩ። አስለካኋቸው። ከዚያ አገር አቀፉ ፈተና ላይ መጣ። ምርጫው 80፣ 95፣ 100፣ 110 ነበር። ጎበዞቹ ለለኩት የሚቀርበውን ብለው 95 አጠቆሩ። ሰነፎቹ 100 አጠቆሩ። አንዷ ጎበዝ በአንድ ነጥብ ወደቀች። ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች።*

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሥር አላሰመረችም። ሁለቴ አነበብኩት።

"እሺ፣ ሁለቱንም መንገር ይቻል አልነበረም? እዚህ ዘጠና ሦስት ነው፣ ፈተና ላይ መቶ በሉ ብሎ?"

*ነገርኳቸው። ሁለት ነገር ከነገርሻቸው አንዱን ይረሳሉ። የሚረሱት ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋቸውን ነው።*

"ስለዚህ የለኩትን አጥፉ ትያቸዋለሽ? ቴርሞሜትሩ ለጌጥ ነው?"

"ኧረ ተያት፣ ታማለች እኮ" አለ ወንድሜ ከሶፋው ላይ።

"አልታመመችም! ዝም ብላ ነው እንጂ የምትከራከረኝ ከእኔ በላይ ነው!"

"ለማንኛውም አርብ ስትፈርሚ ሁሉም ነገር ያልቃል። ከዚያ እንደፈለግሽ አስተምሪ። እማዬም ቦታዋ ላይ አንቺን ስታይ እንዴት ደስ..."

ጠረጴዛው ሦስቴ ተመታ። እናቴ አንድ መስመር ጻፈችና ገጹን ቀዳ ሰጠችው፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ። ጮክ ብሎ ማንበብ ልማዱ ነው፦

"*ደስ ይለኛል ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ?*" አነበበና ከሶፋው ቀና አለ። "አይ፣ ማለቴ... ያው እናት ስለሆንሽ..."

ሁለተኛውን ገጽ ወደ እኔ ገፋችው።

*ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደተቀጣ ሰው ትወጫለሽ፣ እንደተቀጣ ሰው ትገቢያለሽ። ማን ቀጣሽ? ለእኔ ብለሽ ከሆነ ቅሪ። ጠይቄሽ አላውቅም።*

"ኬሚስትሪ ተማሪ ብለሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ የመከርሽኝ?"

*ተማሪ አልኩ። አስተምሪ አላልኩም።*

ይሄ ነው ያበገነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ለመንገድ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። የራሴ ሥራ አለኝ፣ የራሴ ሕይወት አለኝ፣ ልጅ የእናቷን ወንበር መውረስ ግዴታዋ አይደለም የሚል፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ መሃሉ ላይ እንዲያውም እንባ ነበረው። አሁን የምናገርለት ሰው ጠፋ። እምቢ የምለው ለማን ነው? ለጎረቤቷ? ለፋርማሲዋ ልጅ?

"እና ምን ላድርግ?" አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ጻፈች።

*እኔ ምን አውቃለሁ። ዜሮውን ግን ሳትጠይቂያቸው ነው የሰጠሽው። ልጆቹ ቀለም አይደሉም።*

ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ወንድሜ ከኋላዬ፣ "ለአንቺም ደረሰሽ" ሲል ሰማሁት።

ሐሙስ አስረኛ ቢን እንደገና ቤተ ሙከራ አስገባኋቸው። በሩ ላይ፣ "ማሳሰቢያ፦ ከእቅድ ውጪ ቤተ ሙከራ መጠቀም ክልክል ነው" ይላል። አንብቤው አለፍኩ። ልጆቹ ግን በሩ ላይ ቆመው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ማንበብ እንደማልችል ሁሉ።

"ስሙኝ" አልኩ። "ዜሮውን የሰጠኋችሁ ሳልጠይቃችሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ተሰርዟል።"

ጭብጨባ ሆነ። ፉጨትም ነበረ።

"አታጨብጭቡ፤ መቶውም ተሰርዟል። አሁን እንደገና ታፈላላችሁ። ያያችሁትን ትጽፋላችሁ። ማንም በቀይ አይሰርዘውም። ላጲስ ያለው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥ።"

ሃያ ሦስት ላጲስ ተሰበሰበ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአራቱ ምድጃ መሃል ስመላለስ ቆየሁ። ቴርሞሜትሩን የማሰሮው ግርጌ ላይ ያስደገፈ አለ፣ ገልብጦ የያዘ አለ፣ በትንፋሹ እያሞቀ ጓደኛውን የሚያስቅ አለ።

"ቲቸር፣ የእኛ ስድሳ አንድ ላይ ቆመ!"

"ፈልቷል?"

"አልፈላም።"

"ምድጃው አሁንም በርቷል?"

ሁሉም ወደ ምድጃው አጎነበሱ። ከዚያ ሳቅ።

ንባቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦ ዘጠና ሁለት ተኩል፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት፣ እንደገና ዘጠና ሦስት። ሳይመሳሰል ሲመጣ ደስ አለኝ፤ እውነተኛ ቁጥር እንዲህ ነው፣ ትንሽ ይንገዳገዳል። የጂኦግራፊ ደብተራችሁን አውጡ አልኳቸው። ዛሬ ጂኦግራፊ የለንም ብለው ተንጫጩ። ቢሆንም አውጡ አልኩ። የአየር ግፊት የሚለውን ገጽ አግኝተው ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ ሲያነቡ፣ አንዱ ከኋላ፣ "አሃ! ይሄ ነገር ለካ ከዚህ ጋር ነው!" አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቦርሳ የተሸከማቸው ሁለት ደብተሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ደወሉ ቢደወል ጥሩ ነበር። አልተደወለም። ጠበቃ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ፈተናው ላይ የቱን እናጥቁር?"

"ጥያቄው በባሕር ጠለል ላይ ካለ መቶ።"

"ካላለስ?"

"ካላለ ጥያቄው ጎደሎ ነው።"

"ጎደሎ ነው ብለን ባዶ እንተወው?"

"መቶ አጥቁሩ።"

"ውሸት እኮ ነው።"

"እዚህ ውሸት ነው። ሌላ ቦታ እውነት ነው።"

"የምንፈተነው እዚህ ነው" አለች።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሊያፋጥጡኝ አልነበረም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። የዚያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። አርባ አንዱ ላጲሱን እየተሻማ ወጣ። ጠበቃ ቀረች።

"መልሱን ሳይነግሩን ነው ወደ ፋብሪካ የሚመለሱት?"

"ፋብሪካ ማን ነገረሽ?"

"ሁሉም ያውቃል። ማሳሰቢያ ተለጥፏል።"

ወጥቼ አየሁት። "ማሳሰቢያ፦ ከሰኞ ጀምሮ የአስረኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህር መኖር ወይም አለመኖር ወደፊት ይገለጻል።"

አርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳለሁ የፋብሪካው አለቃዬ ደወለ። ማሽኑ ተተክሏል፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ይጀመራል። ኩባያውም አዲስ ነው፤ ሰከንዱን ራሱ ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል።

"አንቺ ቆመሽ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ" አለኝ ደስ ብሎት።

ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም። ፈተና አዘጋጆቹ ለምን ባሕር ጠለል የሚለውን አይጨምሩም፣ ደብዳቤ ቢጻፍላቸውስ፣ ፈተናና ልኬት ለየብቻ ደብተር ቢኖራቸውስ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ቢረሱስ፤ በልቤ ከዚያች ልጅ ጋር ስከራከር ነበር። እያሸነፈችኝ ነበር።

"ሰማሽኝ?" አለ አለቃዬ።

"አልሰማሁህም።"

"ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?"

ልጆቹን ስለወደድኳቸው እንዳይመስላችሁ። ግማሾቹ ከሩቅ ድምፃቸውን ስሰማ ራሴን ያመኛል። የእናቴም ወንበር አላጓጓኝም፤ አንድ እግሩ ሰባራ ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ፤ ያናድዳል። ሰኞ ሌላ ሰው ገብቶ ሰማንያ አራት ልጅ ፊት፣ "መቶ ነው፣ ተቀመጪ" እንደሚላት ሳስብ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። እኔም ማክሰኞ ዕለት ተቀመጪ ብያታለሁ።

"አልመጣም" አልኩት። "ይቅርታ። ደብዳቤውን ዛሬ እልክልሃለሁ።"

"ምን ሆንሽ? ሌላ ፋብሪካ አገኘሽ?"

"የባሰ" አልኩና ዘጋሁት።

ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሙጫና መቀስ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ነይ፣ ነይ። ወላጆቹ ተረጋግተዋል፤ በርቺ። ለመሆኑ አሁን ስንት ስንት አገኙ?"

"ከዘጠና ሁለት እስከ ዘጠና አራት።"

"ሁሉም? ኧረ ይሄስ በዛ!"

"ዲግሪ ነው። ውሃው የፈላበት።"

"እ... አሃ" አሉ፣ ምንም ሳይገባቸው። "ቅጹንስ አሰብሽበት?"

"አዎ። እስክርቢቶ ይስጡኝ።"

እስክርቢቶውን አቀበሉኝ፤ ልወስደው ስል ግን አልለቀቁትም። "ፕሮግራሙ ግን ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከእንግዲህ ማፍላት የለም፣ አይደል?"

"በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ሙከራ እንገባለን። በሩ ላይ ያለውን ማሳሰቢያም ያነሡታል።"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም።"

ከቅጥሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የተጨነቁት። ሙጫውን አዩ፣ መቀሱን አዩ፣ ሰማንያ አራት ልጅ በአንድ ክፍል ሲጋፋ በዓይናቸው መጣ መሰለኝ፣ እስክርቢቶውን ለቀቁት።

ሦስት ቦታ ነው የሚሞላው። አንደኛው ላይ ስሜን፣ ሁለተኛው ላይ ትምህርት ደረጃዬን ጻፍኩ፤ ሦስተኛው "በራሴ ፈቃድ" ከሚለው ሥር ያለ የፊርማ ቦታ ነው። ሦስተኛው ላይ ጥቂት ቆየሁ። የምወቅሰው ሰው ፈልጌ ነበር፤ አልተገኘም። ፈረምኩ።

ዳይሬክተሩ ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ባልደረባዬ ነሽ። መምህርነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደዚህ ሙያ ስገባ..."

"አምስተኛ ክፍለ ጊዜ አለኝ" አልኩ። "አስረኛ ቢ። ጥያቄ ይዘው እየጠበቁኝ ነው።"

"ሁለት ደቂቃ ብቻ። መምህር ማለት ልጄ፣ ለሌላው ብርሃን ለመስጠት ራሱን እያቀለጠ፣ ልክ እንደ ሻማ..."

ሻማው ጋ ሲደርሱ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።